ቅቤ ቀማሿ

እናቴ ቅቤ ስትገዛ አብሬያት መቆም ያሳፍረኝ ነበር። ቆንጠር አድርጋ በጣቷ ታሻለች፣ ታሸታለች፣ ምላሷ ላይ ታደርጋለች፤ ከዚያ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ነጋዴዋ ትዕግሥቷ አለቀና «እማማ፣ ጠርጥረውኝ ነው?» አለች።

«ኧረ አንቺን ምን ብዬ! ቅቤውን እያየሁት ነው እንጂ።»

ነገሩን የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ፈረንጆች «ስኬፕቲክ» የሚሉት ቃል ከየት እንደመጣ ሳነብ ግን የእናቴ መልስ ትዝ አለኝ። በግሪክ ሥሩ መመልከት፣ መመርመር ነው። የዚህ አስተሳሰብ ጀማሪ የሚባለው ግሪካዊው ፈላስፋ፣ የኤሊሱ ፒሮ፣ ከታላቁ እስክንድር ጦር ጋር እስከ ሕንድ እንደዘለቀ ይነገርለታል፤ የጻፈልን ነገር ግን የለም። ትምህርቱን በሰፊው ያቆየልን ብዙ ዘመን ዘግይቶ የመጣው ሴክስተስ ኤምፒሪከስ ነው፤ ሙያው ሕክምና ነበር። እሱ እንደሚለው አንዱ እውነቱን አገኘሁት ይላል፣ ሌላው እውነት አይገኝም ይላል፣ ሦስተኛው ገና እየፈለገ ነው። ስኬፕቲክ ይኼ ሦስተኛው ነው። «አይገኝም» ባዩንም አያምነውም፤ እሱም ያው አውቃለሁ ባይ ነውና።

እኛ ይህን ፈላጊ «ተጠራጣሪ» አልነው። ከ«ተጠርጣሪ» የምትለየው አንዲት «ራ» ናት፤ እሷን የገደፈ ጸሐፊ ፈላስፋውን ፖሊስ ጣቢያ ያሳድረዋል። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለው አባባልም ለብቻው ሲሰማ ምክር ይመስላል። ገንፎውን ያገነፋችው ሴትዮ ፊት ተናገሩትና እዩ!

የሚሻል ቃል ነበረን፦ ሐተታ። በግዕዝ ሐተተ ማለት መረመረ፣ ጠየቀ ነው። ፈላስፋ በሚባለው በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው መጽሐፍ መጠሪያው ይኸው ነው፤ እሱም ከመመርመር አልዳነም። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ደራሲው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው አለ። የፍልስፍና መምህሩ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የዘርዐ ያዕቆብ ነው ብሎ ተሟገተ። ሙግቱ ዛሬም አልተዘጋም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጠሩኝ። ቃሉን ግን ራሳችን አበላሸነው፤ ዛሬ «ሐተታ አታብዛ» ሲባል ወሬህን አሳጥር ማለት ነው።

እናቴ ያን ቀን ቅቤውን አልገዛችውም። በሳምንቱ ወደዚያችው ሴት ተመልሳ፣ እንደገና ቀምሳ፣ ግማሽ ኪሎ አስመዘነች።