ውቅሩን የሚጠግነው ማን ነው?

የዋግ ታሪክ ሲነሣ እኔን አስቀድሞ የሚያሳስበኝ ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ነው፤ ከአለት የተፈለፈለ፣ የዋግ ሹሞች አስከሬን ያረፈበት ቤተ መቅደስ። እንዲህ ያለ ቤት ዝናብ ሲያሰርግ የደብሩ ሰው እንደ ልማዱ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ጉልበቱን ጨምሮ ሊጠግን ይነሣል።

ሕጉ ግን ያቆመዋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ባለ ሥልጣኑ ፈቃድ ቅርስ እንዳይጠገን ይደነግጋል። ሕጉ ከንቱ ነው አልልም፤ ሲሚንቶ እርጥበት አምቆ አለቱን ይጎዳልና። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ያለ ፈቃድ የጠገነ ደብር ይጠየቃል፤ ፈቃዱን ያዘገየ ሹም ግን ማን ይጠይቀዋል?

ባለሙያ መምጣቱም ብቻውን አይበቃም። በጎረቤት ላስታ፣ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ለጊዜው ተብሎ የብረት መጠለያ ተተከለ። በ2011 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ አደባባይ የወጣው ክብደቱ ውቅሮቹን እንዳይጎዳ ሰግቶ ነበር።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤው በባለቤትነት፣ ባለሙያው በአማካሪነት አብረው ይቀመጡ፤ ለማመልከቻውም የመልስ ቀን ይቆረጥለት። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እኛ ግን ባለቤቱን ንቀን ጣሪያውን ልናድን እንሻለን።