አያት የሚያነቡት መጽሐፍ

ለመዋዕለ ሕፃናት ክፍሌ የሥዕል መጽሐፍ ስመርጥ ጽሑፉን በእጄ እሸፍነዋለሁ። ታሪኩ ከሥዕሉ ብቻ ከገባኝ እገዛዋለሁ። ካልገባኝ፣ ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ እመልሰዋለሁ።

ይህን የማደርገው በምክንያት ነው። ከልጆቼ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት መልስ የሚውሉት ከአያቶቻቸው ጋር ነው። አርብ አርብ መጽሐፍ ወደ ቤት እልካለሁ። አንዲት እናት፣ «ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምኑን ላነብለት ልጄ?» አሉኝ። «ሥዕሉን እያሳዩ ይጠይቁት፣ እርስዎም ያውሩለት» አልኳቸው። ሰኞ ልጁ ታሪኩን ሲተርክልን መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጅብ ገብቶበት ነበር!

ከውጭ መጻሕፍት አሜሪካዊው ኤሪክ ካርል በ1969 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የአባ ጨጓሬ መጽሐፍ እወዳለሁ። ትሉ የበላባቸው ገጾች የተበሱ ናቸው፤ ልጆቹ ጣታቸውን በቀዳዳው እየሰደዱ ሰኞ አንድ ፖም፣ አርብ አምስት ብርቱካን ብለው ቀኑንም ቁጥሩንም ይይዛሉ። የማክሰኞዎቹን ሁለት አረንጓዴ ፒሮች ግን አይተው ስለማያውቁ «አቮካዶ ነው» ብለው ተስማምተዋል።

ታዲያ ይህንንም የምተርክላቸው በአማርኛ ነው። «ለምን በእንግሊዝኛ አታነቢላቸውም?» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። እንግሊዝኛውም ይደርሳል። የአራት ዓመት ልጅ ግን «ለምን?» ብሎ የሚሞግተኝ ቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ ነው፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ ያንን ሙግት ነው።

ይቀደዳል ብላችሁ መጽሐፉን ቁም ሳጥን ላይ የምትሰቅሉ ወላጆች፣ እባካችሁ አውርዱት። በክፍላችን በጣም የሚወደደው መጽሐፍ አራት ቦታ በፕላስተር የተጣበቀው ነው።