መሐል ሜዳ የምን መሐል ናት?

በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለዓመታት ቅኔ አስተምሬያለሁ። ጠመኔዬን ይዤ «ይህ ሰሙ፣ ይህ ወርቁ» ማለት ከጀመርኩ፣ የዶናልድ ሌቪንን «ዋክስ ኤንድ ጎልድ» ሳልጠቅስ ወጥቼ አላውቅም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የታተመ መጽሐፍ ነው። አሜሪካዊው ሰውዬ መንዝ ድረስ ወጥቶ፣ ከገበሬው ጋር ብርዱን ተካፍሎ ነው የጻፈው። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ እርስዎ መንዝን ያውቁታል?» አለኝ። ሰዓቴን አየሁ። «ወደ ትምህርታችን እንመለስ» አልኩት።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ አባቴ መንዜ ነው። እኔ ግን የአባቴን አገር የማውቀው በእንግሊዝኛ ነበር!

አባቴ በሕይወት ሳለ «ሂድና ዘመዶችህን እያቸው» ይለኝ ነበር። «ትምህርት ሲዘጋ» እለዋለሁ። ትምህርት ተዘጋ፤ ተከፈተ፤ ደግሞ ተዘጋ… አባቴ አረፈ። እኔ በ2011 ዓ.ም. የሄድኩት እሱ ካረፈ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ ጣርማ በር ላይ ዋሻው ሳትገቡ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። መዘዞ፣ ሞላሌ፣ ከዚያ መሐል ሜዳ። ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ የእንግዳ አክብሮት አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ደረስኩና ዋናውን መንገድ ከላይ እስከ ታች በግማሽ ሰዓት ጨረስኩት። ባንክ፣ መድኃኒት ቤት፣ ሞባይል ጥገና፣ ቆርቆሮ ቤት፣ አሁንም ቆርቆሮ ቤት። ማታ ለባለቤቴ ደወልኩና «ከተማዋን አይቼ ጨርሻለሁ፤ ነገ እመለሳለሁ» አልኳት። እንግዲህ ለተማሪ «አንድ ግጥም ሦስቴ ሳታነቡ እንዳትፈርዱ» እያልኩ የኖርኩት ሰውዬ ነኝ።

ማግስቱ ገበያ ነበር። ከተማዋ ሌላ ሆና አደረች። ከየአቅጣጫው ሰው ይገባል፤ ገብስ የተጫነ አህያ፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ ባና የተሸከመ ሸማኔ። ሴቶቹ መንገድ ላይ ሆነው እንኳ የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ እንዝርቱ ከእጃቸው አይለይም። አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት ካርታ ሆኑልኝ።

«እነዚያ ከላሎ ናቸው። እነዚህ ከማማ። ያ በቅሎ የሚስበው ከግሼ ነው።»

«አባባ፣ እንዴት ለዩአቸው?»

«በየት በኩል እንደገቡ አላየህም እንዴ?»

ማማ፣ ላሎና ጌራ በአፈ ታሪክ መንዝን የተካፈሉ የሦስት አለቆች ስም መሆኑን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ማን በየት በኩል እንደሚገባ ግን መጽሐፉ አልነገረኝም።

ሽማግሌው ጓሳንም አነሱልኝ። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሆናል። ገበሬው ራሱ በመረጣቸው አለቆች እያስጠበቀ፣ ለዓመታት ዘግቶ ሣሩ ሲደርስ የሚከፍተው መሬት ነበር፤ ሥርዓቱን «ቄሮ» ይሉታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ጓሳን መጠበቅ ከአካባቢው ሰው እጅ ጨርሶ አልወጣም። «ይህ ከተማ ቆርቆሮ ከማግኘቱ በፊት ምን የለበሰ ይመስልሃል?» አሉኝ።

ብርዱ አንዲት ቡና ቤት አስገባኝ። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሲኒውን ገና ሳያቀብሉኝ፣

«የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። የአያቴን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጀበናውን መሬት አስቀመጡት።

«አክስትህ እኮ ባናዋን ሸጣ ስትጨርስ እዚህች መደብ ላይ ነበር የምታርፈው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ባየች ቁጥር ‹የወንድሜን ልጆች ታውቃቸዋለህ?› ትላለች። አስተማሪው አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ። አሁንስ፣ ደኅና ናት?»

«አምና አረፈች፣ ልጄ።»

ቡናው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። እኔ ከተማዋን በግማሽ ሰዓት «ጨረስኳት»። ከተማዋ ግን ስንት ገበያ ሙሉ ስለ እኔ ስትጠይቅ ኖራለች።

አበው «ዳር ሲፈታ መሐል ዳር ይሆናል» ይላሉ። ለጦርነት ብቻ የተባለ ይመስለኝ ነበር። ከተማም እንደዚያው ነው፤ መሐል የሚያሰኘው ዳሩ ነው። መሐል ሜዳ መሐል የሆነችው ከላሎም ከግሼም ሰው ስለሚገባባት ነው። እኛስ አዲስ አበባ ላይ «ሠፈሬ» የምንለውን፣ ጠዋት ጎመኑ በማን ጀርባ ተጭኖ፣ ከየት በኩል እንደሚገባ ስንቶቻችን እናውቃለን?

በነጋታው አልተመለስኩም። አክስቴ ትመጣበት በነበረው መንገድ ወደ ቀዬዋ ወጣሁ። ሦስት ሰዓት አስኬደኝ፤ አራቴ አረፍኩ። እሷ ባና ተሸክማ ነበር የምትሄደው። እኔ ባዶ እጄን ነበርኩ።