ምን ነክቶት ነው?

ለብዙ ዓመታት የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነበርኩ። ወርኃዊ መዋጮ እቀበላለሁ፤ ቀሪ እቀጣለሁ፤ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ሲወጣና ሲገባ አስፈርማለሁ። ጡሩምባ ሲነፋ ደግሞ መዝገቡን ገልጬ የሟቹን ስምና ዕለት አሰፍራለሁ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ያሉትን ገጾች ሳገላብጥ አንድ ነገር ያስጨንቀኝ ጀመር። ቀድሞ በብዛት የምመዘግበው አዛውንቱን ነበር። አሁን ወላጅ ልጁን ይቀብር ጀመር። የዕድሩም ካዝና ተራቆተ።

ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው ጠጋ ብሎ «ምን ነክቶት ነው?» ይላል። መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ «ሳንባ ምች»፣ «ጉበት»፣ «የሰው ዓይን»። ጠያቂውም መላሹም ያውቃሉ። ከንፈር ይመጠጥና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

እውቀት ጠፍቶ አልነበረም። ሬዲዮው ይናገራል፤ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የራስ ቅል የተሣለበት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የኤድስ ፖሊሲ አወጣ። እኔ ራሴ መተላለፊያ መንገዶቹን በቃሌ እወጣቸው ነበር፤ ልቅ ግንኙነት፣ ያልተመረመረ ደም፣ ስለት፣ ከእናት ወደ ልጅ።

በ1991 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ አረፈ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም የነገረው ለእኔ ብቻ ነበር። በዚያው በዕድራችን ድንኳን ተቀምጬ «ምን ነክቶት ነው?» ላለኝ ሁሉ «ሳንባ ምች» አልኩ። ሚስቱ ከአጠገቤ ልጅ ታጠባ ነበር። ለእርሷም ያንኑ ደገምኩላት። ልጁ ሁለት ዓመት ሳይደፍን ሞተ። ብነግራት ኖሮ ይተርፍ ነበር? እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ተመርምራ፣ ላጥባ ወይስ ልተው ብላ እንድትወስን ዕድሉን የነፈግኳት ግን እኔ ነኝ።

እርሷ ከእኔ በረታች። ተመረመረች። በ1994 ዓ.ም. በአንድ የሚካኤል ዕለት ጎረቤቱንና የዕድሩን ዳኛ ጠርታ ቡና አፈላች። አቦሉ እንደተቀዳ «ባሌን የገደለው ኤድስ ነው፤ እኔም ደሜ ውስጥ አለ» አለች። ሲኒ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ።

ቶናው ላይ አንዲት ባልቴት «ታዲያ ልጄ፣ ይህ ሲኒስ?» አሏት። ሳትቀየም መለሰችላቸው። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። ልብስ አብሮ ማጠብስ? ትንኝስ? ያስታመመ ሰው ይያዛል ወይ? የግድግዳው ወረቀት ያን ሁሉ ዘመን ሲናገር ማንም መልሶ ጠይቆት አያውቅም፤ ወረቀት አይጠየቅምና። በረካው ሲደርስ ባልቴቲቱ ሲኒያቸውን ዘርግተው «ቅጂልኝ» አሉ።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ዳኛው «በቁሙ ያልደረስንለትን ሲሞት ድንኳን ብንተክልለት ምን ይረባዋል?» አሉ። ክርክሩ ከረረ። «ዕድር ለቀብር ነው፤ ገንዘቡ ካለቀ እኛን ማን ይቀብረናል?» ያሉ ነበሩ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። በመጨረሻ አልጋ ላይ ለዋለ አባል ከመዋጮው እንዲሰጥ ደንቡ ተሻሻለ። በእነዚያ ዓመታት ሌሎች የአዲስ አበባ ዕድሮችም እንዲሁ አድርገዋል። ቃለ ጉባዔውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱ በነፃ መታደል ሲጀምር የወንድሜ ሚስት ሄዳ ካርድ አወጣች። ብቻዋንም አልሄደችም፤ ከዚያ ቡና ወዲህ በሯን በማታ አንኳኩተው ያማከሯት ነበሩ፤ እነርሱንም ይዛ ሄደች። ያንን መድኃኒት ለመውሰድ መጀመሪያ በሽታን በስሙ መጥራት ያስፈልግ ነበር። ይህን ያላደረጉትን ግን በመዝገቤ ላይ አስፍሬያቸዋለሁ።

ዛሬም በሕይወት አለች። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ጋሼ፣ ያኔ ያወቁት ለብቻዎ ነበር። ለብቻ የታወቀ ነገር ያስፈራል» አለችኝ።

ልጁን ግን አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም።