ስድስተኛው ዶቃ

ባሕሪ ከካርቱም በስተ ሰሜን፣ ከጥቁር ዓባይ ማዶ የምትገኝ ከተማ ናት። በ2023 ጦርነቱ ሳይነሣ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በዚያ በመምህርነት ስኖር፣ ጎረቤቶቼ ከኮርዶፋን የመጡ ቤተ ሰቦች ነበሩ። ልጃቸው ብርድ በተነሣ ቁጥር መገጣጠሚያውን እያመመው ሲያቃስት ያድር ነበር። ሕመሙ በኮርዶፋንና በዳርፉር በብዛት የሚታየው፣ ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ የሚያቆለምመው በሽታ ነው። እናቲቱ አንድ ቀን፣ «ኡስታዝ፣ እርስዎ የሳይንስ መምህር ነዎት፤ የልጄ ደም ምን ጐደለው?» ብላ ጠየቀችኝ።

የመቁጠሪያዋን ዶቃ እያሳየሁ አስረዳኋት። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን አራት ሰንሰለቶች ያሉት ፕሮቲን ነው። ከእነርሱም ቤታ በሚባሉት በሁለቱ ላይ 146 አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተዋል። በታማሚው የተለወጠው ስድስተኛው ዶቃ ብቻ ነው፤ ውሃ ወዳድ በሆነው በግሉታሚክ አሲድ ቦታ ውሃ ጠል የሆነው ቫሊን ገብቷል። ስለዚህ ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ባራገፈ ጊዜ ቫሊኑ በጎረቤቱ ሄሞግሎቢን ጎድጓዳ ሥፍራ ይወሸቃል፤ አንዱ ሌላውን እየያዘ ረጅም ክር ይሆናል፤ ሕዋሱም ይቆለመማል።

«ለአንዲት ዶቃ ይህን ያህል ሥቃይ?» አለች።

ይህን መሸሽና መጠጋት በስሌት መከተል ቀላል ነገር አይደለም። 100 ዶቃዎች ያሉት ሰንሰለት እያንዳንዱ ዶቃ ሦስት አቀማመጥ ብቻ ቢኖረው፣ ሊይዛቸው የሚችላቸው ቅርጾች ብዛት 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሆናል። በዚያ ላይ በዙሪያው ያለው ውሃ አለ።

በነሐሴ የጎጃምን አፈር ይዞ የሚደፈርሰውን ዓባይ ከባሕሪ ዳር ሆኖ የሚያጠና መሐንዲስ፣ ጎርፉ ዳሩን ይሞላ እንደ ሆነ ለማወቅ ጠብታ አይቆጥርም፤ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን ይለካል እንጂ። ማይክል ሌቪትና አርየህ ዋርሼል በ1975 ያደረጉት ይህን የመሰለ ነው። ከከብት ቆሽት የሚገኘውን ባለ 58 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን አተጣጠፍ በኮምፒዩተር አስመስለው ሲያሰሉ፣ አቶሞቹን አንድ በአንድ ከመከተል ይልቅ በጥቂት ነጥቦች ወከሏቸው። ውሃውንም አስወጥተው፣ ተጽዕኖውን በነጥቦቹ መካከል ባለው መሳሳብና መገፋፋት ውስጥ አኖሩት። እንዲህ ያለው ኃይል ውጤታዊ እምቅ ኃይል ይባላል። በወጥ ላይ የሚንሳፈፉ የዘይት ጠብታዎችን የሚያቀራርባቸው ይበልጡን ከውሃው መሸሻቸው እንጂ የእርስ በርስ ፍቅራቸው አለመሆኑን ባልቴቶችም ያውቁታል።

በ1985 ደግሞ ሚያዛዋና ጄርኒጋን ቅርጻቸው በታወቀ ፕሮቲኖች ውስጥ የትኛው አሚኖ አሲድ ከየትኛው ጋር እንደሚጎራበት ቆጠሩ። ዓይነቶቹ 20 ስለ ሆኑ ጥንዶቹ 210 ናቸው፤ አዘውትረው የሚጎራበቱት ይሳሳባሉ ማለት ነው። መንደርተኛው ቡና የሚጠራራውን አይቶ ወዳጅነትን እንደሚገምት ነው።

በዚህ ዘዴ እኔን የሚያስደንቀኝ መተውን ማወቁ ነው። ይሁን እንጂ የተተወው ነገር ዋጋ ያስከፍላል። ውሃ ወዳዱ በውሃ ጠሉ ሲተካ በስሌቱ ይታያል፤ ኦክስጅን ከሄሞግሎቢን ብረት ጋር የሚያያዝበት ረቂቅ ሥራ ግን በዶቃው ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። ለዚያ ሌላ፣ እጅግ አድካሚ ስሌት ያሻል። ሌቪትና ዋርሼል ከማርቲን ካርፕለስ ጋር በ2013 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ረቂቁን ስሌት ከሻካራው ጋር ስላጋቡ ነው።

ለዚህ በሽታ ሐኪሞች የሚያዝዙት ሃይድሮክሲዩሪያ ግን ከዚህ ስሌት የተገኘ አይደለም። መድኃኒቱ ሰው በማኅፀን ሳለ የነበረውን ሄሞግሎቢን እንደ ገና ያበዛል፤ ያም ሄሞግሎቢን ቫሊኑ ያለበት ሰንሰለት ስለሌለው ከክሩ ጋር አይያያዝም።