ጋዙንም እንመዝን
ሰሊጥ ስንገዛ ለግማሽ ኪሎ የምንከራከር የገዳሪፍ ነጋዴዎች፣ የቤታችንን ጋዝ ግን ብዙዎቻችን ሳናስመዝን እንከፍላለን። እዚህ ጋዝ በሲሊንደር ስለሚሸጥ ቆጣሪም ቢልም የለም፤ ሂሳቡ ክብደቱ ነው።

የተለመደው የሱዳን የቤት ሲሊንደር 12.5 ኪሎ ጋዝ ይይዛል። የባዶው ክብደት እላዩ ላይ ተቀርጿል፤ ባዶውን ሰጥተን ሌላ ስለምንወስድ በየጊዜው ይለያያል፣ ሁሌ ማንበብ ነው። ባለፈው የወሰድነው 15 ይላል። ሲሞላ 27.5 መሆን ነበረበት፤ ሚዛኑ 25 አለ። ከከፈልንበት አንድ አምስተኛው የለም! እቤት «ወር ሳይሞላ አለቀ» የሚባለው እንዲህ ነው።

በእጅ ነቅንቆ መገመት አይሆንም። «ያ ሐጅ፣ እስቲ ሚዛን ላይ እናውጣው» ማለት ነው፣ ሳይከፈት። አንዴ ከተከፈተ ማን ያምነናል? እኛ እዚያው ስላስመዘንን ባለሱቁ ሳይከራከር ቀየረልን።