አዲሱ ሳይገባ አሮጌው ይቈጠር

ሰው አሮጌ ቤቱን አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ በውስጡ ያለውን ዕቃ አውጥቶ ይቈጥራል። ሞሰቡንም እንስራውንም በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ሳይቀር ከጎረቤት ያስቀምጣል እንጂ ጣራው እንዲወድቅበት አይተወውም። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እኛ ግን በቤታችን ያለውን ኮምፒዩተር ለማደስ በተነሣን ጊዜ ይህን ጥበብ ስለ ረሳን የአባቴን ቃል ከማጥፋት የዳንነው ለጥቂት ነው። የደረሰብንን ብጽፈው ለሌላው ቤተ ሰብ ማስጠንቀቂያ ይሆናል ብዬ ስላሰብሁ፥ እነሆ ለአንባቢዎች አቀርበዋለሁ።

አባቴ የጎባ ሰው ነበረ። በወጣትነቱ ጊዜ በሳነቴ አምባ ላይ የመኪና መንገድ ገና አልተሠራም ነበርና፥ በቅሎ ጭኖ ከጎባ ይነሣና ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን ብርድ አቋርጦ በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና ይወርድ ነበር። ሲሄድ ገብስ፥ ሲመለስ ማርና ቡና ይጭናል። በሸመገለ ጊዜ፥ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ፥ እርሱ እየተናገረ እኔ በኮምፒዩተር መጻፍ ጀመርሁ። አንዳንዱን በአማርኛ፥ አንዳንዱን በኦሮምኛ ይነግረኝ ነበር፤ እኔም ሁሉን በአማርኛ አደረግሁት። የተጻፈውም የጀግንነት ታሪክ አልነበረም። በየትኛው ዋሻ እንዳደረ፥ በቅሎዪቱ በብርድ በሞተችበት ዕለት የራሱን በቅሎ ያዋሰው ማን እንደ ነበረ፥ በክፉ ቀን እህል ያበደሩት እነማን እንደ ነበሩ የሚናገር ነው። «ውለታ ያለብኝን ሰዎች ስም ጻፊልኝ፤ የልጅ ልጆቼ ከልጆቻቸው ጋራ ቢገናኙ ሳይተዋወቁ እንዳይተላለፉ» ይለኝ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ዛሬም በሮቤ ቤታችን የሚገኘውን ኮምፒዩተር ገዛን። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፥ ማለት የመኪናውን ሥራ ሁሉ የሚያዝዘው አስተዳዳሪ፥ ዊንዶውስ 7 ነበረ። የጀመርነውንም ጽሑፍ ከነመጻፊያ ፕሮግራሙ ወደዚህ አዛወርነው። በአዲሱ መኪና ውስጥ ግን ኒያላ የሚባል የአማርኛ ፊደል ቅርጽ አብሮ መጥቶ አገኘሁ። ስሙ የተወሰደው ከደጋው አጋዘን ነው፤ ይህም አጋዘን ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ አይገኝም፤ የሚበዛውም በባሌ ተራሮች ነው። ለአባቴ ይህን በነገርሁት ጊዜ ሥቆ «የዲንሾ አጋዘን ከዚህ ሣጥን ውስጥ ምን ሊበላ ገባ?» አለኝ። ስለ ወደደውም የመጨረሻዎቹን ስምንት ገጾች በኒያላ ጻፍን። በ2006 ዓ.ም. አረፈ።

ከዚህ በኋላ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 7 ይላክ የነበረው የጥበቃ ማደሻ ቆመ። ይህ ማለት መኪናው በዚያው ቀን ሥራውን ያቆማል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍነው የለም ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ልጄ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበርና «እማዬ፥ ወደ ዊንዶውስ 10 እናሳድገው» ብላ አጥብቃ ነገረችኝ። መኪናውን ተሸክመን ጥገና ከሚሠራ ወጣት ዘንድ ወሰድነው።

ወጣቱም «እትዬ፥ ሁለት መንገድ አለ። አዲሱን በአሮጌው ላይ ብንጭነው ጽሑፍዎም ፕሮግራምዎም ባለበት ይቈያል። ሁሉን አጥፍተን ከመሠረቱ ብንጭነው ደግሞ መኪናው ይፈጥናል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል» አለኝ። እኔ ከዚህ ሁሉ ነገር «ይፈጥናል» የሚለውን ብቻ ሰምቼ «እንግዲያስ አጥፋና ጫነው» አልሁት። በዚህ ጊዜ ልጄ ክንዴን ይዛ «የአባባስ ጽሑፍ?» አለች። ክው ብዬ ቀረሁ። ወዲያው ጽሑፉን በፍላሽ አስገለበጥሁና ፍላሹን በመሐረቤ ቋጥሬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ሥራዬን የፈጸምሁ መስሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ማታ መኪናው ታድሶ መጣ። ከፍላሹ መልሰን የመጀመሪያውን ገጽ ብንከፍተው አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም፤ ገጹን የሞላው የላቲን ፊደልና የተበታተነ ምልክት ነው። ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤቴ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ይጻፋልና ኦሮምኛ መስሎአት ልታነብልን ሞከረች፤ ነገር ግን ቃል የሚሆን አንድ እንኳ አላገኘችበትም። 31 ገጽ እንዲሁ ሆኖ ቀረ። እናቴ በዚያው ምሽት ከጎባ ስልክ ደውላ «ልጄ፥ የአባትሽ ጽሑፍ ደኅና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «ደኅና ነው» ብዬ ዋሸኋት። ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች ሌሊት ግን እናቴን አሻግሬ ማየት የማልችል ያህል ራቀችብኝ።

ተስፋ የሰጡን በኒያላ የተጻፉት ስምንት ገጾች ናቸው። እነዚህ መልካቸው ጥቂት ተለውጦ፥ ቃላቸው ግን ሳይጐድል ተገኙ። በዊንዶውስ 10 ኒያላ ሲፈለግ ብቻ ከሚጨመሩት ቅርጾች ጋራ ስለ ተመደበ፥ መኪናው በስፍራው ኤብሪማ የሚባለውን ሌላ ቅርጽ አልብሶአቸው ነበር። ወጣቱ ይህን ባየ ጊዜ የነገሩን ምክንያት አስረዳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ፊደል ዋናዎቹ 33፥ ከነእርባታቸው 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹና ቍጥሮቹ ሲጨመሩ ከዚያ ይበዛሉ። የቀድሞው ኮምፒዩተር ለአንድ የፊደል ቅርጽ የሚሰጠው ስፍራ ከ256 አይበልጥም ነበር። ስለዚህ የአማርኛ መጻፊያ ያዘጋጁ ሰዎች በላቲን ፊደል ስፍራ ላይ የእኛን ፊደል እየሣሉ፥ ባይበቃቸውም በሁለትና ከዚያ በላይ በሆነ ቅርጽ እያከፋፈሉ ይሠሩ ነበር። አንዱ የሠራውም ከሌላው አይስማማም ነበር። በመኪናው ልብ ውስጥ የተጻፈው እንግዲህ የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየን ቅርጹ ብቻ ነው። ቅርጹ ከአሮጌው ሲስተም ጋራ ሲጠፋ ጭምብሉ ወለቀ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ግን ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ለፊደላችን የራሱን ስፍራ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በማናቸውም አገር መኪና ውስጥ 1200 በሚባል ምልክት ትታወቃለች፤ ልብሷ ቢለወጥ ስሟ አይለወጥም። ኒያላም በዚህ ሥርዓት የተሠራ ስለ ሆነ ጽሑፉ ከጥፋት ዳነ።

ስለዚህ የቀሩትን 31 ገጾች ለማንበብ የጠፋውን አሮጌ ቅርጽ መፈለግ ግድ ሆነ። በመሳቢያ የነበረው ሲዲ ተፋፍቆ አላነብ አለ። ሦስት ሳምንት ከጠየቅን በኋላ፥ ጎባ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ያንኑ ፕሮግራም የያዘ አሮጌ ኮምፒዩተር ሳይጥሉ እንዳስቀመጡ ሰማን። ቅርጹን ከእርሳቸው ወስደን በጨመርነው ጊዜ የላቲኑ ፊደል ዐይናችን እያየ ወደ አማርኛ ተመለሰ። ልጄ እልል አለች፤ እኔ ግን እንባዬን መግታት አልቻልሁም።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ሁሉ በዩኒኮድ እንደ ገና ለመጻፍ ቈረጥን። በየቅዳሜው ወደ ጎባ እየሄድን በእናቴ ቤት እኔ እያነበብሁ ልጄ ትጽፍ ጀመር። እናቴ በምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ታዳምጣለች፤ «እዚህ ላይ ተሳስቶአል፥ ያን ጊዜ በቅሎው የተገዛው ከሮቤ ገበያ ነው» እያለች ታርማለች። አባቴ የዘነጋውንም የአንዲት ሴት ስም ጨመረችልን፤ ይህችም ሴት በብርድ ታሞ በወደቀ ጊዜ ሁለት ሳምንት ያስታመመችው ናት። መዋሸቴን በነገርኋት ጊዜ ደግሞ «እኔስ ድምፅሽን ስሰማ ዐውቄአለሁ፤ እስክትነግሪኝ ዝም አልሁ እንጂ» አለችኝ። ሥራው ሲያልቅ በወረቀት ሦስት ቅጂ አሳትመን አንዱን በእርስዋ ሣጥን አስቀመጥን።

እነሆ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ዊንዶውስ 10ም በተራው ለሁሉ በነጻ ይላክለት የነበረው ማደሻ ተቋረጠበት። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ መሣሪያ ይጠይቃል፤ በ2003 የተገዛው መኪናችን ይህ የለውም። እኛም በግድ ልንጭንበት አልፈለግንም። ከኢንተርኔት ለየነውና የጽሕፈት መኪና አደረግነው፤ የባንክ ጕዳይና ምስጢር የሆነ ነገር አይሠራበትም። ልጄ ዛሬ ሥራ ይዛለች፤ ዊንዶውስ 11 ያለበት ላፕቶፕም አላት። የአያቷን ጽሑፍ በዚያ በከፈተችው ጊዜ አንድ ፊደል አልጐደለም። ከሚጨመሩት ቅርጾች መካከል ኒያላን ፈልጋ አስገባችና «እማዬ፥ የአባባ አጋዘን ተመለሰ» ብላ አሳየችኝ።

ስለዚህ ኮምፒዩተራችሁን ለማደስ የምታስቡ ወላጆች ሆይ፥ በመጀመሪያ ጽሑፉንና ፎቶግራፉን በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ ገልብጡ፤ መገልበጡም ብቻ አይበቃም፥ አሮጌው ሳይጠፋ ቅጂውን በሌላ መኪና ከፍታችሁ አንብቡት። የአማርኛ ጽሑፋችሁ በአሮጌ ቅርጽ የተጻፈ እንደ ሆነ ቅርጹ ሳለ ወደ ዩኒኮድ አዛውሩት። የወላጅ ቃል ከሆነም በወረቀት አትሙት። አዲስ ነገር መልካም ነው፤ ከእርሱ መሸሽም አይገባም። ነገር ግን አባቴ የውለታ ባለቤቶቹን ስም ሳያስጽፍ መሞትን እንዳልወደደ፥ እኛም ያለንን ሳንቈጥር የአዲሱን ቤት ደጃፍ አንርገጥ።